ለልጆች ስለ ነርቭ ሥርዓት እንዴት ነው የምታስረዱት? (ከ6 እስከ 12 ዓመት)

እናቱ_ነኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የ10 ዓመት ወንድ ልጅና የ6 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ትልቁ ሰሞኑን የነርቭ ሥርዓት ጀምሯል፤ ደብተሩን ሳየው የአንጎል ሥዕል አለ፣ ዙሪያውን ቀስት በቀስት ሆኖ የክፍሎቹ ስም ተጽፏል፣ ከሥሩ "ማዕከላዊ" "ዳርቻዊ" ምናምን እያለ ይቀጥላል። ስሞቹን አንድ በአንድ ጠየቅኩት፣ ሁሉንም መለሰልኝ። ከዛ ሊተኛ ሲል "እማዬ፣ ጣቴን ላጥፍ ስል ጣቴ በምን ታውቃለች?" አለኝ። ያን ሁሉ ስም ሸምድዶ ዋናው ነገር ገና እንዳልገባው ያኔ ነው የታየኝ። ታናሿ ደግሞ ከሱ ሰምታ "አንጎል ያማል እንዴ?" እያለች ነው።

እኔ የሳይንስ ሰው አይደለሁም፣ ግን ይሄን ነገር በደንብ እንዲያውቁት በጣም እፈልጋለሁ፣ የገዛ ሰውነታቸው እኮ ነው። ቤት ባለ ዕቃ የሚሠራ፣ ለሁለቱም ዕድሜ የሚሆን ነገር ያላችሁ እስቲ አካፍሉኝ። ቪዲዮ አይተናል፣ ያምራል፣ ግን አይተው ይነሳሉ በቃ።

መምህር_ባዮ

እህቴ ልጅሽ የጠየቀው ጥያቄ ከሥዕሉ ሁሉ ይበልጣል፣ ከሱ ጀምሪ። እኔ ይሄን ሳስተምር አንጎልን መጨረሻ ላይ ነው የማመጣው። መጀመሪያ ልጆቹ ሰውነታቸው ውስጥ መልእክት እንደሚሄድ፣ ለመሄድም ጊዜ እንደሚወስድበት ራሳቸው መለካት አለባቸው። አንዴ ከለኩት በኋላ "በየት በኩል ነው የሚሄደው? ማን ነው የሚወስነው?" ብለው እነሱ ናቸው የሚጠይቁሽ፣ ያኔ ሥዕሉን ብታሳያቸው ዓይናቸው ሌላ ነው።

የሚያስፈልግሽ የ30 ሳንቲሜትር ማስመሪያ ብቻ። አንቺ ከላይ ጫፉን ይዘሽ ታንጠለጥይዋለሽ፣ ዜሮው ወደ ታች ይሁን። እሱ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ዜሮው ጋ ከፈት አርጎ ሳይነካው ይጠብቃል። ሳትነግሪው ትለቂዋለሽ፣ ሲይዘው ጣቱ ያረፈበትን ቁጥር ታነቢያለሽ። የሚወድቅ ነገር 10 ሳንቲሜትር ለመውረድ 0.14 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፣ 20 ለመውረድ 0.20፣ 30 ለመውረድ 0.25፤ ይሄን ጽፈሽ አጠገባቸው አስቀምጪላቸው። አደራ የአንዱን ውጤት አይተሽ እንዳታቆሚ፣ ደጋግመው ሠርተው መካከለኛውን ይውሰዱ፣ ምክንያቱም አንዳንዴ ገምተው ነው የሚይዙት። እህቱ ከሱ ብትዘገይ ዕድሜዋ ነው፣ የትንሽ ልጅ የነርቭ ሥርዓት ገና እያደገ ስለሆነ ከትልቅ ሰው ጋር አታወዳድሯት።

አሁን ጣፋጩ ክፍል። ይሄን ከጨረሱ በኋላ "ዓይንህን ብትጨፍንና ስለቀው አሁን ብልህ ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል?" ብለሽ ጠይቂው። መጀመሪያ ይገምት፣ ግምቱን ይጻፍ፣ ከዛ ይሞክር። ብዙ ጊዜ ለድምፅ የሚሰጠው ምላሽ በዓይን ካየው ይፈጥናል፤ ዓይን ውስጥ ብርሃኑ ወደ ነርቭ መልእክት እስኪቀየር ጆሮ ከሚወስደው በላይ ጊዜ ይወስዳል። ቀጥለሽ ደግሞ ከ100 ጀምሮ ሦስት ሦስት እየቀነሰ ወደ ኋላ እየቆጠረ ይያዝ። ያኔ ማስመሪያው ሲያመልጠው ታያለሽ፣ ስለ ትኩረት ብዙ ከማውራት ይሄ ይበቃል።

ፊዚዮ_ነኝ

መምህር ያሉት ላይ አንድ ልጨምር፣ ማስመሪያው አንጎል የሚሳተፍበት ምላሽ ነው፣ ልጆቹ አንጎል ሳይጠየቅ የሚሆነውንም ማየት አለባቸው። የጉልበት ሪፍሌክስ ማለቴ ነው።

ልጁ እግሩ መሬት የማይነካበት ከፍ ያለ ወንበር ላይ ይቀመጥና እግሩን ይልቀቀው። የጉልበቱን ሎሚ በጣት ፈልጉ፣ ከሱ ወረድ ስትሉ የቅልጥሙ አጥንት ከመጀመሩ በፊት ሰርጎድ የምትል ቦታ አለች፣ እዛ ውስጥ ያለው ጅማት ነው። በመዳፋችሁ ጠርዝ ቀለል አርጋችሁ ምቱት፣ ማሳመም አያስፈልግም። እግሩ ፈንጠር ይላል። ካልመጣ ልጁ ጭኑን አጥብቆት ይሆናል፣ ያኔ የሁለቱን እጅ ጣቶች ቆልፎ ወደ ግራና ቀኝ እንዲጎትት ንገሩትና እየጎተተ እያለ ምቱት፣ ብዙ ጊዜ ይሄኔ ጎልቶ ይመጣል። ይሄ ዘዴ በየክሊኒኩ የሚሠራበት ነው፣ የንድራሲክ በሚባል የሀንጋሪ ሐኪም ስም ይጠራል። ያም ሆኖ ጤነኛ ሆኖ እምብዛም የማይታይበት ልጅ አለና አትደንግጡ።

ውስጥ የሆነው ምንድነው፣ ጅማቱ ሲመታ የጭን ጡንቻ ትንሽ ይለጠጣል፣ መለጠጡን የሚያውቅ ነርቭ ለህብለ ሰረሰር፣ በጀርባ አጥንት ውስጥ ለሚያልፈው የነርቭ ገመድ ማለት ነው፣ ይናገራል፣ እዛው ህብለ ሰረሰር ላይ ወደ ጡንቻው ለሚመለሰው ነርቭ በቀጥታ ያቀብላል፣ ጡንቻው ይኮማተራል። በመሃል አንድ መገናኛ ብቻ ነው ያለው። አንጎል ወሬውን የሚሰማው እግሩ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ነው። ልጁን "አሁን እንዳይንቀሳቀስ ያዘው" ብትሉትና ብትመቱት ይስቃል፣ ምክንያቱም አይያዝም።

ለታናሿ ደግሞ፣ አንጎል ራሱ ሕመም የሚቀበል ነርቭ የለውም። ራስ ሲያም የሚያመው በዙሪያው ያለው ሽፋን፣ የደም ሥሩና የራስና የአንገት ጡንቻው ነው። የአንጎል ቀዶ ሕክምና አንዳንዴ ሕመምተኛው ነቅቶ እያወራ የሚሠራውም ለዚህ ነው።

መንትዮች_አባት

ትልቅ ሐሳብ ነው በእውነት። እኔ ለልጆቼ የምነግራቸው የሰው ልጅ ከአንጎሉ 10 በመቶውን ብቻ ነው የሚጠቀመው፣ ስለዚህ በርቱና ሌላውን አንቁት እያልኩ ነው፣ ደስ ይላቸዋል፣ ለማጥናትም ያነሳሳቸዋል። ለእህቴም ልጆች ይሄን ብትነግሪያቸው ጥሩ ነው።

መምህር_ባዮ

ወንድሜ ማነሳሳትህን አደንቃለሁ ግን ይሄን ለልጆች አትንገራቸው፣ ልክ አይደለም። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ከምንጠቀመው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፣ ሰውነት ሥራ ፈትቶ ለሚቀመጥ ነገር ይሄን ያህል አይከፍልም። ተኝተን እንኳ አንጎል ይሠራል። ትንሽ ቦታ ላይ ጉዳት ሲደርስ አንድ ነገር ይጎድላል፣ ንግግር ወይ ሚዛን ወይ ማየት፤ 90 በመቶው ትርፍ ቢሆን ኖሮ አብዛኛው ጉዳት ምንም አያመጣም ነበር።

ለማነሳሳት እውነቱ ይበልጣል። አንጎላችን ውስጥ 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች አሉ፣ ሕፃን ሲወለድ አብዛኞቹ አብረውት ይወለዳሉ፣ ከዛ በኋላ ዋናው ሥራ በመሃላቸው ያለውን ግንኙነት ማብዛት፣ ማጠንከርና የማይፈለገውን ማስወገድ ነው። ልጆችህ ሲለማመዱ ያንን ነው የሚቀይሩት። ይሄን ስትነግራቸው ደግሞ ነገ ከነገ ወዲያ የሚያፈርስባቸው የለም።

ሽቦ_ነው_ወይ

ለልጆች ነርቭ ማለት የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው ብዬ ነው የማስረዳው እኔ፣ አንጎል ማብሪያ ማጥፊያው ነው፣ ይገባቸዋል። እንዲህ ማለት ችግር አለው?

ፊዚዮ_ነኝ

ለመጀመሪያው ቀን ይሆናል፣ ግን እዛው ከቆየ ልጆቹን መንገድ ያስታቸዋል። በሽቦ ውስጥ ማብሪያው ሲጫን መብራቱ ወዲያው ነው፤ ነርቭ ግን በጣም ፈጣኑ በሰከንድ 120 ሜትር ገደማ ነው፣ ቀርፋፋው ደግሞ በሰከንድ 1 ሜትር አካባቢ፣ ማለት ከሰው እርምጃም የማይበልጥ። ምክንያቱም ነርቭ ውስጥ መልእክቱን የሚወስደው የኤሌክትሪክ ሞገድ ዝም ብሎ አይፈስም፣ በየቦታው እንደገና ይነሳል። የሴሉ ሽፋን ላይ ያሉ ትንንሽ በሮች ይከፈታሉ፣ ሶዲየም ይገባል፣ ያ ደግሞ ቀጣዩን በር ያስከፍታል፣ ወዲያው ፖታሲየም ይወጣና ቦታው ለሌላ መልእክት ይዘጋጃል። ፈጣኖቹ ማይሊን የሚባል ቅባትነት ያለው ሽፋን አላቸው፣ ሞገዱ በሽፋኑ ክፍተቶች ላይ እየዘለለ ይሄዳል።

ሁለተኛ ደግሞ ሽቦው የተቀጠለ አይደለም። አንዱ ነርቭ ከሌላው ጋር አይነካካም፣ በመሃል ሲናፕስ የሚባል ጠባብ ክፍተት አለ፣ እዛ ጋ ኬሚካል ነው የሚያሻግረው።

መምህር_ባዮ

የኬሚካሉን ነገር ለልጆች በሳይንቲስቱ በኦቶ ለቪ ታሪክ ንገሯቸው፣ ክፍል ውስጥ ጸጥ ይላሉ። በ1921 ነው። ነርቭ ጡንቻን የሚያዘው በኤሌክትሪክ ነው በኬሚካል የሚለው ገና ክርክር ላይ ነበር። ለቪ አንድ ሌሊት ሙከራውን በሕልሙ አየና ተነስቶ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አረገ፣ ጠዋት የገዛ ጽሑፉን ማንበብ አቃተው። በማግስቱ ሌሊት ሕልሙ ተመለሰለት፣ በዛው ሌሊት ተነስቶ ወደ ላቦራቶሪው ሄደ። ሁለት የእንቁራሪት ልብ ወሰደ፣ የአንዱን ልብ የሚያዘገየውን ነርቭ አነቃቃና ልቡ ዘገየ፣ ያ ልብ የነበረበትን ፈሳሽ ወስዶ ሁለተኛው ልብ ላይ ሲያደርገው ሁለተኛውም ዘገየ። ሁለተኛው ልብ ነርቩን የነካው ማንም የለም፣ ስለዚህ ፈሳሹ ውስጥ የገባ ነገር አለ ማለት ነው። በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር ኖቤል ተሸለመ። እዚህ ጋ ቆም በሉና "ፈሳሹ ሁለተኛውን ልብ ባያዘገየው ኖሮ ምን እንል ነበር?" ብላችሁ ጠይቋቸው፣ የ10 ዓመት ልጅ በደንብ ይመልሳል።

የነርቭ መልእክትን ፍጥነትም የለካው ሰው አለ፣ ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄልምሆልትዝ፣ በ1850፣ ከእንቁራሪት ነርቭ፣ በሰከንድ 27 ሜትር አካባቢ አገኘ። መምህሩ የነበረው ዮሐንስ ሙለር ይሄ መቼም የሚለካ አይመስለውም ነበር።

ጡረተኛ_ነርስ

ልጆቼ ደስ የሚል ነገር እያነሳችሁ ነው። እኔ ለልጅ ልጆቼ የማሳያቸው ሕመምን ነው። የእግር ጣታቸው ከጠረጴዛ እግር ጋር ሲጋጭ መጀመሪያ ስል የሆነ ሕመም ይመጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላ፣ የሚሰራጭ፣ የሚያቃጥል ሕመም ይከተላል። አንድ ግጭት ሆኖ ሁለት ሕመም። የመጀመሪያው ማይሊን ባለው ፈጠን ባለ ነርቭ ነው የሚሄደው፣ ሁለተኛው ማይሊን በሌለው ቀርፋፋ ነርቭ። ከእግር ጣት እስከ ራስ ሩቅ ስለሆነ ልዩነቱ እግር ላይ ነው የሚታወቀው። ልጁ እያለቀሰ እያለ አይነገርም፣ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ከዛ ራሱ ሲጋጭ "ሁለተኛው መጣ!" ብሎ ነው የሚነግራችሁ፣ ልቅሶውም ያጥራል።

ሲጋጩ የሚያሹት ነገር ደግሞ ከንቱ አይደለም። የማሸቱ ንክኪ ህብለ ሰረሰር ላይ የሕመሙን መልእክት ያዳክመዋል፣ መልዛክና ዎል የተባሉ ሳይንቲስቶች በ1965 ነው ይሄን ሐሳብ ያቀረቡት። ዝርዝሩ ከዛ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፣ ማሸት ማስታገሱ ግን እንዳለ ነው።

እናቱ_ነኝ

እማማ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማስመሪያውንና ጉልበቱን ሠራን። ትልቁ በዓይኑ 19 አካባቢ ነው የሚይዘው፣ በድምፅ ሲሆን 16። ወደ ኋላ እየቆጠረ ሲሆን መሬት ነው የወደቀው። ጉልበቱ ሲፈናጠር ግን ያላሰብኩትን ጠየቀኝ፣ "አንጎል ሳያዝ ከሆነ እኔ ነኝ ያንቀሳቀስኩት ወይስ አይደለሁም?" አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም፣ አንተ ምን ትላለህ አልኩት፣ እስካሁን እያሰበበት ነው።

አሁን ለትንሿ የሚሆን ስሜት ላይ የሚሠራ ነገር ፈልጉልኝ፣ ቁጥር ገና አትወድም።

ፊዚዮ_ነኝ

ለሷ የወረቀት ክሊፕ በቂ ነው። ዘርግተሽ ሁለቱ ጫፎች ጎን ለጎን እንዲሆኑ እጠፊው፣ ጫፉ እንዳይወጋ ፈትሺ። ዓይኗን ትጨፍን፣ ጣቷ ጫፍ ላይ ቀስ ብለሽ ንኪያትና አንድ ነው ሁለት በያት። በጣት ጫፍ ላይ ጫፎቹ በ2 ወይ 3 ሚሊሜትር ቢራራቁ እንኳ ሁለት መሆናቸው ይታወቃል። ጀርባዋ ላይ ግን 3 ወይ 4 ሳንቲሜትር አራርቀሽም አንድ ነው ልትልሽ ትችላለች። በመሃል በመሃል በአንድ ጫፍ ብቻ ንኪያት፣ አለዚያ ሁለት ሁለት እያለች መገመት ትጀምራለች።

ከዛ ወረቀት ስጪያትና ሰው ትሳል፣ ብዙ የሚሰማው ቦታ ትልቅ፣ ትንሽ የሚሰማው ትንሽ ሆኖ። እጁና ከንፈሩ ግዙፍ፣ ጀርባው ቀጭን የሆነ ሰው ይወጣታል። ፔንፊልድ የተባለ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነቅተው ከሚታከሙ ሰዎች ላይ አጥንቶ ያወጣው ሥዕል ከዚህ ጋር በጣም ይመሳሰላል፣ አንጎል ለእጅና ለፊት የሰጠው ቦታ ለግንዱ ከሰጠው በጣም ይበልጣል። ሥላ ከጨረሰች በኋላ አሳያት፣ በፊት አይደለም።

መንትዮች_አባት

የዓይኑን ነጥብስ ሞክራችኋል? ነጭ ወረቀት ላይ በግራ በኩል መስቀል፣ ከሱ በስተቀኝ 8 ሳንቲሜትር ራቅ አርጎ ጥቁር ነጥብ። ግራ ዓይን ይጨፈናል፣ በቀኝ ዓይን መስቀሉን ብቻ እያዩ ወረቀቱን ከሩቅ ቀስ እያሉ ማቅረብ፣ 30 ሳንቲሜትር አካባቢ ላይ ነጥቡ ድርግም ብሎ ይጠፋል። የዓይን ነርቭ፣ አንድ ሚሊዮን ገደማ ክሮች፣ ከዓይን ኳስ የሚወጣበት ቦታ ላይ ብርሃን የሚቀበል ሴል የለም። የኔዎቹ በጣም የገረማቸው ግን ነጥቡን የሚያቋርጥ መስመር አስምረን ስንደግመው ነው፣ ነጥቡ ይጠፋል መስመሩ ግን ሳይቆረጥ ይቀጥላል። አንጎል ጎዶሎውን ራሱ ሞላው ማለት ነው። አንዷ "ታዲያ ሌላስ ምን ሞልቶብኛል?" አለች።

ፈተና_አለብን

ይቅርታ ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው ግን ፈተናው ላይ የሚመጣው 12 ጥንድ የራስ ነርቮች፣ 31 ጥንድ የህብለ ሰረሰር ነርቮች፣ የአንጎል ክፍሎች ናቸው። ልጄ በማስመሪያ ሲጫወት ውሎ ስሙን ካልጻፈ ዜሮ ነው የሚያገኘው። የምትሉት ለክረምት ዕረፍት ነው የሚሆነው።

መምህር_ባዮ

ስጋትህ ይገባኛል፣ እኔም የፈተና ወረቀት የማርመው ሰው ነኝ። ስሞቹን ተዉ አላልንም፣ የሚመጡበት ሰዓት ላይ ነው ልዩነታችን። ልጅህ ዓይኑን ጨፍኖ በአንድ እግሩ ቆሞ ሲንገዳገድ "ከኋላ በታች ያለው ሰሬቤለም የሚባለው ክፍል ነው አሁን የሚታገልልህ" ብትለው ስሙ የሚጣበቅበት ቦታ አገኘ። በባትሪ አንዴ ዓይኑን አብራበትና የዓይኑ ብሌን ሲጠብ መስታወት ላይ ይየው፣ ይሄ የሆነው በሁለተኛውና በሦስተኛው የራስ ነርቭ ነው፣ አንዱ ብርሃኑን ይናገራል ሌላው ጡንቻውን ያዛል። 12ቱን በአንድ ማታ ከሚሸመድድ በየቀኑ አንዷን ፊቱ ላይ ቢፈልጋት፣ መቅመስ፣ ምላስ ማውጣት፣ ትከሻ መስበቅ፣ ፈተናውም ላይ አይጠፋውም።

የሚጥል_በሽታ_አባት

አንድ ከባድ ነገር ላንሳ። ልጄ የሚጥል በሽታ አለበት፣ ክፍል ውስጥ አንዴ ጣለውና ልጆቹ ፈርተው ለረጅም ጊዜ አጠገቡ መቀመጥ ተዉ። ከዛ ክፍሉ የነርቭ ሥርዓት ሲማሩ መምህርቷ እኛን አስፈቅዳ አስረዳቻቸው፣ ነርቮች እየተናበቡ መልእክት ይለዋወጣሉ፣ በዚህ በሽታ ግን ብዙ የነርቭ ሴሎች በአንዴ ከልክ በላይ ይተኩሳሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ በራሱ ይቆማል፣ አይተላለፍም። ምን ማድረግ እንዳለባቸውም ነገረቻቸው፣ በአጠገቡ ያለውን የሚጎዳ ነገር ማንሳት፣ ራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ይዞ አለማስቆም፣ ሰዓት ማየትና ትልቅ ሰው መጥራት፣ 5 ደቂቃ ካለፈ የድንገተኛ እርዳታ መጥራት። ከዛ በኋላ ልጆቹ ተለወጡ፣ አሁን ሰዓት የሚይዝለት ጓደኛ አለው።

ስለዚህ ስታስተምሩ ጤነኛውን ብቻ አታሳዩ። ክፍል ውስጥ የነርቭ ነገር የሚያሳስበው ልጅ አለ፣ ቤቱ ሽባ የሆነ ወይም መርሳት የጀመረው ዘመድ ያለው ልጅ አለ፣ እና ዝም ሲባል የራሱን አስፈሪ ታሪክ ነው የሚፈጥረው።

ጡረተኛ_ነርስ

ልጄ፣ ያለኸው ሁሉ ልክ ነው፣ መምህርቷንም እግዜር ይባርካት። መርሳት ስላነሳህ፣ ለትልልቆቹ አንድ ሥራ አለኝ። ኮከብ በሁለት መስመር ሥላችሁ ልጁ እጁን በቀጥታ ሳያይ በመስታወት ብቻ እያየ በመስመሮቹ መሃል እንዲከተል አርጉ። መጀመሪያ እጁ እምቢ ይላል፣ ሲደጋግም ይለምደዋል። ኤች.ኤም. በሚባል ስም የሚታወቅ ሰው በ1953 ለሚጥል በሽታ ተብሎ አንጎሉ ተቀዶ አዲስ ነገር የማስታወስ ችሎታውን አጣ። ብሬንዳ ሚልነር የተባለች ተመራማሪ ይሄንኑ ኮከብ ስትሰጠው ከቀን ወደ ቀን እየተሻሻለ ሄደ፣ ከዚህ በፊት ሠርቶት እንደሚያውቅ ግን አያስታውስም። እጅ የሚማረውና በቃል የምናስታውሰው በአንጎል ውስጥ አንድ ቦታ አይቀመጡም ማለት ነው። አያታቸው ስማቸውን ረስታ ሹራብ መሥራቱን ያልረሳችበት ልጆች ይሄ በጣም ይገባቸዋል።

እናቱ_ነኝ

ይሄን ለትልቁ አነበብኩለት፣ ዝም ብሎ ሰማኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ከትንሿ ነው። "ነርቭ ከተቆረጠ ይበቅላል?" አለች።

ፊዚዮ_ነኝ

የት እንደተቆረጠ ይወሰናል በያት። ህብለ ሰረሰርና አንጎል ውስጥ ከሆነ የተቆረጠው ክር ተመልሶ አይቀጠልም ማለት ይቻላል፣ ቢስክሌት ላይ ሄልሜት የምታረገው ለዚህ ነው። እጅና እግር ላይ ያለ ነርቭ ግን ሐኪም ከሰፋው ብዙ ጊዜ ያድጋል፣ በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ፣ ሁልጊዜ እንደ ድሮው ባይሆንም። ማስመሪያውን ከእጇ አንጓ እስከ መሃል ጣቷ ጫፍ አስቀምጪላትና ትለካ። 13 ሳንቲሜትር ከሆነ 130 ቀን ማለት ነው፣ ከአራት ወር በላይ፤ ቁጥር ባትወድም ይሄንን ግን የካሌንደሩን ገጽ እያገላበጠች ትቆጥረዋለች።